ጣልያን የገባበትን ቀን ነው እንዴ የምናከብረው?

መምህርቷ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሚኒ ሚዲያውን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ጠዋት ሰልፍ ላይ «ታሪክ በዛሬዋ ዕለት» የምትል ዝግጅት አለችን። ለሚያዝያ 27፣ ለአርበኞች የድል በዓል፣ ስዘጋጅ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ መጣና፣ «ቲቸር፣ የጣልያን ጦር አዛዡ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ነው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። በ1928 ባዶሊዮ፣ በ1933 ጃንሆይ። ግጥምጥሞሽ ነው ወይስ ታስቦበት? ደሴንና ኮምቦልቻን የሚነካ ነገር ካለም ጣል አድርጉልኝ። ልጆቹ ያገራቸው ስም ካልተጠራ ወሬያቸውን አያቆሙም።

ከጦሳ ሥር፦
ልጁ ይባረክ! አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ጃንሆይ በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። እንግሊዞቹ ግን ለጣልያን ነዋሪዎች ሰግተናል እያሉ ቶሎ አላሳለፏቸውም። በመጨረሻ የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ቀኗን ጠብቀው ነው።
የኛ አገር ድርሻ ደግሞ ይኸውልሽ። ባዶሊዮ ወደ አዲስ አበባ የተነሳው ከደሴ ነው፣ ሚያዝያ 18። ያ ሁሉ መኪና ተሰልፎ! ዝናቡና ጭቃው አንገላታው። ጣርማ በር ላይ ደግሞ የኛዎቹ መንገዱን አፍርሰው ጠበቁት። ዛሬ በአንድ ቀን የምንጨርሳት መንገድ ዘጠኝ ቀን ፈጀችበት። በ1933 ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፉት ደቡብ አፍሪካውያን ከአርበኞች ጋር በዚያችው መንገድ ሽቅብ መጡ። ኮምቦልቻ ላይ ከባድ ውጊያ ገጥመው፣ ዳገቱን ወጥተው ደሴን ያዙ። ወሩ ያው ሚያዝያ።

ጋሼ የሸዋ በሩ፦
ልጄ፣ በደርግ ጊዜ በዓሉ መጋቢት 28 ነበር የሚከበረው። የጃንሆይን መግቢያ ማን ሊያከብርላቸው! እኔ እስካሁን ድሉን የማስበው በመጋቢት ነው፤ አፌን የፈታሁበት ሆኖብኝ።

ቀን ቆጣሪው፦
አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘመን ሚያዝያ 27 በፈረንጅ ሁሌም ሜይ 5 ነው፣ አይዛነፍም። ደሴ በቦምብ የተደበደበችበት ኅዳር 26 ቀን 1928 ግን ዲሴምበር 6 ላይ ነው የዋለው። በአዘቦቱ ዓመት ኅዳር 26 ዲሴምበር 5 ይሆናል። ምክንያቱ ጳጉሜ 6 ናት። እሷ ስትመጣ አንድ ቀን እንገፋለን፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ መልሰን እንገናኛለን። ኢንተርኔት ላይ ቀን ስትገለብጪ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለውን ደግመሽ እዪው።

መምህርቷ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሩ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው! ጋሼ፣ የእርስዎንም መጋቢት 28 አስገብቻታለሁ። ጽሑፉን ልጁ ራሱ ያነበዋል፣ ማይኩ እስከዚያ ከተሠራ።