በቻይና የነሐስ ዕቃዎች ሆድ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ለማን ነበር?

ጥያቄ (መምህር፣ ሐዋሳ)
በሻንግና በዡ ነገሥታት ዘመን ስለተሠሩት የመሥዋዕት ዕቃዎች ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ስዘጋጅ፣ ጽሑፋቸው በአብዛኛው በውስጠኛው ግድግዳ ወይም ወለል ላይ እንደሚገኝ ተረዳሁ። ምግብና መጠጥ ሲሞላ የሚሸፈን ጽሑፍ ለማን ተጻፈ? በዚያ ጠባብ ሆድ ውስጥስ እንዴት ተቀረጸ?

መልስ 1 (ከአዳማ)
መምህር፣ እኔ ብረት በማቅለጥ ሥራ ላይ ስላለሁ ሁለተኛውን ልመልስልዎ። በአብዛኛው ከቀዘቀዘ በኋላ የተቀረጸ ሳይሆን ከዕቃው ጋር አብሮ የወጣ ነው፤ የሸክላ ቁርጥራጮችን ገጥመው፣ መሐሉ ላይ ሌላ ሸክላ አስቀምጠው፣ በክፍተቱ የቀለጠ መዳብ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ያፈስሱ ነበር። ፊደሎቹ በመሐለኛው ሸክላ ላይ ጎልተውና ተገልብጠው ስለሚሠሩ በነሐሱ ላይ ሰርጉደውና ቀንተው ይወጣሉ። ሸክላው ጥቂት እርጥበት ቢይዝ እንኳ እንፋሎቱ ሥራውን ያበላሻል፤ ስለዚህ እጃቸውን ከልብ አደንቃለሁ።

መልስ 2 (ከሐዋሳ)
ጽሑፉ በመሥዋዕቱ ለሚታሰቡት አባቶችና ለመጪው ትውልድ ነበር፤ ብዙው የሚዘጋው ልጆችና የልጅ ልጆች ዕቃውን ለዘለዓለም እንዲጠብቁት በመመኘት ነው። በእኛም አገር የሰጪው ስም በግእዝ የተቀረጸባቸው መስቀሎች አሉ። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1963 በቻይናዋ ባኦጂ ከተማ የተገኘው የወይን ዕቃ፣ «ሄ ዙን»፣ 122 ፊደላት እንዳሉት የታወቀው በ1975 በሆዱ ውስጥ ያለው ዝገት ሲጸዳ ነው። «ሄ» የተባለው መኳንንት ከዡ ንጉሥ ከቼንግ 30 ጥንድ የዛጎል ክር ተሸልሞ እንዳሠራው ይናገራል፤ «ቻይና» የሚለውን ስም የያዙት ሁለት ፊደላትም እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀድመው ጎን ለጎን የተጻፉት በዚሁ ዕቃ ላይ ነው።