ታዳጊዎችን ለሁለት ሳምንት ጅማ መላክ፦ ወሩ፣ መንገዱ፣ የሚታየው

ጠያቂ፣ ከስቶክሆልም
ሰላም ለሁላችሁ። የ16 ዓመት ልጃችን ሁለት የክፍል ጓደኞቹን ይዞ ጅማ አክስቱ ዘንድ ሊሄድ ነው። ጓደኞቹ ስዊድናውያን ናቸው፤ ኢትዮጵያን አያውቋትም። ሐምሌ ይሻላል ወይስ የፈረንጅ ገና እረፍት? ለዚህ ዕድሜስ ጅማ ምን አላት?

ከጅማ፣ ቆጪ
መጀመሪያ ወሩን እንቁረጥ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ የሰፈሩ እኩዮች ቀኑን ሙሉ አሉ። ግን ክረምት ነው፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይለቅም። ቡናውም ያን ጊዜ ገና አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ የቡና አገር ብሎ የመጣ ልጅ ቅጠል አይቶ ይመለሳል። ለቀማው በጥቅምት ጀምሮ በታኅሣሥ ወደ ማለቁ ይደርሳል። በፈረንጅ ገና የሚመጣ የመጨረሻው እሸት ቡና ሲለቀም፣ ጀንፈሉም (ከነገለባው የሚደርቀው ቡና) ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ይደርስበታል፤ ወደ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ማለት ነው። እኩዮቹ ግን ክፍል ናቸው፣ የእኛ ገናም ሳይገባ ይመለሳል። ዓላማው ማየት ከሆነ ታኅሣሥ፣ መወዳጀት ከሆነ ሐምሌ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ሐምሌ ነበር፤ በ16 ዓመት ከቡና ዛፍ ይልቅ አብሮ ኳስ የሚጫወት ጓደኛ ይበልጣል።

የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሁሉም ይነግራችኋል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ማንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ይዩ፣ ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ወደ ጅሬን ይውጡ። የንጉሡ ዕቃዎች የሚታዩት ሙዚየሙ ውስጥ ነው። እሱን ሳያዩ ጅሬን የወጡ ልጆች ባዶ ክፍል ዞረው፣ ሰገነቱ ላይ ፎቶ ተነሥተው በ20 ደቂቃ ይሰለቻሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡ፣ ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ያቆዩ ንጉሥ መሆናቸውን አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ከተገኘ ግን የቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሥራ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ግቢው ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ዳገት ነው። ባጃጅ ስትይዙ የደርሶ መልስ ኮንትራት፣ መጠበቂያውን ጨምራችሁ ተነጋገሩ፤ ለመሄጃ ብቻ ከተዋዋላችሁ ከላይ መመለሻ ማግኘት ያስቸግራል። በክረምት ጠዋት 2 ሰዓት ተነሥቶ ከምሳ በፊት መመለስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡም ቀዩ ጭቃም አይመችም። እድሳት ሲኖር ክፍሎች ስለሚዘጉ አክስታቸው ቀድመው ያጠያይቁ።

ሐሙስን ለሌላ ነገር አትያዙ፣ የሄርማታ ገበያ ነው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፣ ሙጫም ሚስማርም የለውም። ልጆቹ መግዛታቸው ስለማይቀር ገልብጠው ሥሩን ይዩ። እንደ መጠኑ ሳይሆን ከበድ ካለና ሲዳሰስ ከቀዘቀዘ እንጨቱ አልደረቀም፤ ስቶክሆልም ማሞቂያ ያለበት ቤት ሲገባ ከመቀመጫው መሀል ይሰነጠቃል። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት ካለበት ነቀዝ ነው፣ ይተዉት። ያረጀ የቤተሰብ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቦሌ ላይ የቅርስ ፈቃድ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ አዲስ ይግዙ፣ ደረሰኝ ይያዙ።

ቦዬ ረግረግ በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ነው። ጉማሬ አለ፤ ቀን ላይ ግን ጆሮና ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ ያኔ ዳርቻው ላይ መገኘት አይገባም፤ በጉማሬና በውኃው መካከል ፈጽሞ አይቁሙ። ጠዋት፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂዱ። ወፉ ብቻውን ይበቃል።

ጠያቂ፣ ከስቶክሆልም
እግዜር ይስጥልን። እንግዲያው ሐምሌ ነው። የጓደኞቹ እናቶች ግን ስለ ወባ አጥብቀው እየጠየቁ ነው።

ከጎተንበርግ፣ የጤና ባለሙያ
ልክ ናቸው። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ወባ አለ። የወባ መከላከያ መድኃኒቱን ከመነሻቸው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት ከሐኪም ጋር ይወስኑ፣ ክትባቱም በዚያው ይታያል። ማላሮን ከሆነ ከመግባታቸው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ፣ ከወጡ በኋላ 7 ቀን። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከወጡ በኋላ 4 ሳምንት፤ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል፣ ነጭ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል። ልጆች የሚሳሳቱት ቤት ሲገቡ "አለቀ" ብለው ማቆማቸው ላይ ነው። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ፤ ኢትዮጵያ እንደነበሩም ይንገሩ። ውሻ ከነከሰ 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል።

ከአዲስ አበባ
በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የግቤ ቁልቁለት፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ግን በክረምት ደመና ሊያዘገየው ስለሚችል ከጅማ በተመለሱበት ቀን የስቶክሆልሙን በረራ አትያዙ፣ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደሩ። የስዊድን ውጭ ጉዳይ ለመንገዱ ወይም ለአካባቢው የሰጠውን የጉዞ ማሳሰቢያ ተመልከቱ፤ "አትሂዱ" ካለ የጓደኞቹ የጉዞ ዋስትና ላይከፍል ይችላል። ከሁለቱም ወላጆች የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ልጅ ያስፈልጋል። ጓደኞቹ ቪዛ በኢንተርኔት ያወጣሉ፤ የእናንተ ልጅ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለው አያስፈልገውም።

ሰዓቱንም አስጠንቅቋቸው። "ነገ 2 ሰዓት" ሲባሉ ለሌሊት 8 የሚነሡ አሉ።

ከማልሞ
ማንም ያላነሣው ጫቱ ነው። ጅማ ውስጥ እንግዳን ወደ በርጫ መጋበዝ የተለመደ ነው፤ አክስታቸው ለሰፈሩ ልጆች ቀድመው ይንገሩ። ስዊድን ውስጥ የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አንድ ቅጠል ቢገኝ ጣጣው የልጆቹ ነው። ሲመለሱ ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ቅቤና ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም፣ አርላንዳ (የስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ) ላይ ይወረሳል። አክስታቸው ቅቤ ሳያነጥሩ በፊት ይነገራቸው።