በብሮውዘር በትክክል የሚሠራው የፒኤችፒ ኮድ በኮማንድ ላይን ሲሄድ ቀኑን ለምን ያሳስታል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በፒኤችፒ (የድረ ገጽ መሥሪያ የፕሮግራም ቋንቋ) የሠራሁት አፕሊኬሽን የአባላቱን የዕለት ወለድ ያሰላል። ስሌቱን ቀድሞ በብሮውዘር ገጹን ከፍቼ አስጀምረው ነበር፤ አባላቱ ሲበዙ ግን 30 ሰከንድ ሲሞላው እየተቋረጠ ስላስቸገረኝ፣ ያንኑ ፋይል ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) በተጫነበት ሰርቨር ላይ በክሮን፣ ማለትም ፕሮግራምን በተያዘለት ሰዓት ያለ ብሮውዘር በኮማንድ ላይን (በጽሑፍ ትእዛዝ) በሚያስጀምር መሣሪያ እንዲሄድ አደረግሁ። የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ስለሆነ፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሣ 23 ሰዓት ላይ አስያዝሁት። አሁን አይቋረጥም፤ ነገር ግን ሐምሌ 1 ተብሎ መመዝገብ የነበረበት ወለድ ሰኔ 30 ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ሰኔ 30 ለእያንዳንዱ አባል ሁለት ጊዜ ታሰበ። ሪፖርቱ የሚጻፍበት ማውጫም (ፎልደር) አልተገኘም ይለኛል። ኮዱ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም።

መላሽ 1፦
ኮዱ አንድ ቢሆንም ቅንብሩ ሁለት ነው። በኡቡንቱ አፓቼ (ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርበው ፕሮግራም) የሚያነበው የፒኤችፒ ቅንብር ፋይልና ኮማንድ ላይኑ የሚያነበው በተለያየ ማውጫ ይቀመጣሉ፤ «ፒኤችፒ --አይኒ» የሚለው ትእዛዝ የትኛው እንደተነበበ ያሳይዎታል። የሰዓት ቀጠናውን ያስገቡት በአፓቼው ፋይል ብቻ ይመስለኛል። ቀጠና ያልተነገረው ፒኤችፒ ዩቲሲን ይይዛል፤ ስለዚህ በእኛ ሐምሌ 1 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ለእርሱ ገና ሰኔ 30 ነው። አለመቋረጡም በዚሁ ልዩነት ነው፣ በኮማንድ ላይን የጊዜ ገደቡ ዜሮ፣ ማለትም ገደብ የለሽ ነውና። በኮማንድ ላይኑ ፋይል ላይ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብለው ያስገቡ።

መላሽ 2፦
በምክንያቱ እስማማለሁ፤ መፍትሔውን ግን በሰርቨሩ ቅንብር ላይ ባልተው እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ነገ ሰርቨሩ ሲቀየር ያንን መስመር የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ቀጠናውን ኮዱ ራሱ በመጀመሪያው መስመር ይወስን። ማውጫው የጠፋው ደግሞ አፓቼ ፋይሉ ወዳለበት ማውጫ ገብቶ ሲያስኬደው፣ ክሮን ግን ከተጠቃሚው መነሻ ማውጫ ስለሚጀምር ነው፤ በኮዱ ውስጥ የማውጫውን አጭር አድራሻ ትተው ሙሉውን ይጻፉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስሌቱ ሁለት ጊዜ መመዝገብ መቻሉ ነው። ይህ የሰው ገንዘብ ነው። ክሮን ሊደገም፣ ሰው በእጁ ደግሞ ሊያስጀምረው ይችላልና፣ የአባሉ መለያና ቀኑ በአንድነት እንዳይደገሙ በዳታቤዙ ላይ የማይደገም ቁልፍ ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ኮዱ ቢሳሳት እንኳ ዳታቤዙ አይቀበለውም። ቁልፉን ከማድረግዎ በፊት የተደገመውን መዝገብ ማስተካከል ይኖርብዎታል።

ጠያቂ፦
እውነትም ቀጠናው በአፓቼው ፋይል ብቻ ነበር። ሁሉንም አስተካክዬ በእጄ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስኬድ ትእዛዝ) ሞከርሁት፤ ቀኑ ትክክል ሆነ፣ ሪፖርቱም ተጻፈ። አሁን ግን ያንኑ ሪፖርት ከብሮውዘሩ ለማደስ ስሞክር ፈቃድ የለህም ይለኛል።

መላሽ 2፦
በሱዶ ሲያስኬዱት የፋይሉ ባለቤት ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ተጠቃሚ) ሆኗል፤ አፓቼ ደግሞ በሌላ ተጠቃሚ ስም ነው የሚሠራው። ባለቤትነቱን ለአፓቼው ተጠቃሚ ይመልሱና፣ ክሮኑንም በዚያው ተጠቃሚ ስም ያስይዙ።