ጋይዶቹና ሾፌሮቹ ማኅበር እናቋቁም ሲሉ ቡድናችን ለሁለት ተከፈለ፤ ምን ይሻላል? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬ ላይ እሑድ እሑድ ተራራ የሚወጣ ወደ 40 ሰው የሚሆን ቡድን አለ። ውስጡ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ የባቡር ሠራተኛ፣ በአስጎብኚ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሾፌር፣ በራሳቸው የሚሠሩ ጋይዶችም አሉ። ወደ ለጋ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች ልንሄድ ስንዘጋጅ ሾፌሮቹና ጋይዶቹ የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁሙ እንደሆነ ተሰማ፤ ቡድኑ ከጎናቸው እንዲቆምም ጠየቁ። ገሚሱ «ይሄ ፖለቲካ ነው፣ ተራራ የምንወጣው ከፖለቲካ ልናርፍ ነው» አለ። ገሚሱ ደግሞ «አብሮን የሚደክመው ሰው መብቱን ሲጠይቅ ዝም ማለትም ፖለቲካ ነው» አለ። አሁን በየጉዞው ክርክሩ ከአውቶቡስ ይጀምርና ቁልቁለቱ ላይ እንኳ አይቆምም።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። ሾፌርና ጋይድ በአንድ ማኅበር መደራጀት ይችላሉ ወይ? ቡድኑ እንደ ቡድን መግባት አለበት ወይ? ክርክሩስ ጉዞውን ሳያበላሽ እንዴት ይያዝ?

ሳቢያን

አቦ፣ መጀመሪያ ማን ሠራተኛ ማን ነጋዴ እንደሆነ ለዩ። ግማሹ ጠብ የሚመጣው ከዚህ መደበላለቅ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሠራው በአሠሪ አመራር ሥር ሆኖ ለደመወዝ ለሚሠራ ሰው ነው። በራሱ የንግድ ኃላፊነት ወይም በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን አዋጁ በግልጽ አውጥቶታል። የሚለየው የሥራው ስም ሳይሆን አሠራሩ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ማነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው? ሰውየው በራሱ ቦታ ሌላ ሰው መላክ ይችላል? ቱሪስቱ ባይመጣ የሚከስረው ማነው? ከአስጎብኚ ድርጅት በየወሩ ደመወዝ የሚወስድ ሾፌርና ጋይድ ሠራተኛ ነው። ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው ጋር በራሱ ዋጋ የሚወጣ ጋይድ ግን በዚህ አዋጅ ሠራተኛ አይባልም፤ ለእሱ የሚሆነው የሙያ ማኅበር ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አንድ ዝርዝር ላይ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ለምዝገባ ብታቀርቡ የሚመለስባችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

የመንግሥት መምህሩ ደግሞ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ በ1156 አይደራጅም። የግል ትምህርት ቤት መምህር ግን በ1156 ሥር ነው።

ቁጥሩን ላስታውስ። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ አባላቱም ከ10 ማነስ የለባቸውም። ድሬ ላይ አብዛኛው አስጎብኚ ድርጅት ሦስት ወይም አራት ሰው ቀጥሮ የሚሠራ ነው። ለእነዚህ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል፦ ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው የተለያዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። እዚህም የአባላቱ ቁጥር ከ10 አያንስም። የእናንተ ሾፌሮች መንገድ ይሄ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ወረቀቱ ላይ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከአሠሪው ግቢ ውጭ ተሰብሰቡ። ቃለ ጉባኤ ያዙ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሙሉ ስም፣ የሚሠራበት ድርጅት፣ አድራሻና ፊርማ በአራት ዓምድ ይስፈር፤ በኋላ በልዩ ወረቀት የተሰበሰበ ፊርማ ጥርጣሬ ያመጣል። መተዳደሪያ ደንብ አጽድቁ፦ የማኅበሩ ስምና ዓላማ፣ የአባልነት መዋጮ፣ መሪዎች የሚመረጡበት መንገድ፣ የስብሰባ ሥርዓት፣ የገንዘብና የንብረት አያያዝ፣ ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ምን እንደሚሆን። መሪዎቹን ምረጡ። ደንቡን፣ የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ ጠቅላላ ማኅበር ከሆነ ደግሞ አባላቱ የሚሠሩባቸውን ድርጅቶች ስም አያይዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው የአስተዳደሩ ቢሮ አስገቡ። ቢሮው በ15 ቀን ውስጥ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። ስለዚህ ቅጂያችሁ ላይ ቀንና ማኅተም ሳታስመቱ አትውጡ፤ ያ ቀን ከሌለ 15ቱን ቀን ከየት ትቆጥራላችሁ? ሳይመዘገብ ደግሞ በማኅበሩ ስም መደራደር አይቻልም።

መዋጮ በእጅ አትሰብስቡ። ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ የማስገባት ግዴታ አለበት። በእጅ የሚሰበሰብ መዋጮ ገንዘብ ያዡን ያስወቅሳል፣ ማኅበሩንም ከውስጥ ይበላዋል።

ለገሀሬ

«ማኅበር ፖለቲካ አይደለም» እያላችሁ የምታባብሉትን ነገር ግን አልቀበልም። ድሬ ራሷ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት፤ የባቡሩ ሠራተኞችም አገር አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ከመመሥረቱ በፊት ነው የተደራጁት። በዚያው ዓመት በግንቦት ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነጻነትና ስለ ህብረት ድርድር የወጡትን ሁለት የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን አጸደቀች። ኮንፌዴሬሽኑን ደግሞ ደርግ በ1968 አፈረሰውና በሌላ ተካው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ፖለቲካ ካልሆነ ምንድነው? አንዳንድ አባት «ማኅበር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው፤ ፍርሃቱን ማክበር አለብን።

መለየት ያለበት የፓርቲ ፖለቲካና የሥራ ፖለቲካ ነው። ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ ጉዳት፣ ፈቃድ፦ ይሄ የሥራ ፖለቲካ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 የሠራተኛን የመደራጀት መብት ጽፎታል። ማኅበሩ የአንድ ፓርቲ ጅራት ሲሆን ግን ሌላውን የሚደግፈው አባል ይወጣል፤ አሥር ሰው ይዞ ለተነሳ ማኅበር ሁለት ሰው መውጣት ማለት ከሚፈለገው ቁጥር በታች መውረድ ነው። በአሥር ሰው አትመዝገቡ፣ አሥራ አምስት ሳትሞሉ አትነሱ የምለውም ለዚህ ነው።

ለሚፈሩትም የሚነገር ነገር አለ። አዋጁ ሠራተኛ በማኅበር አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መባረር እንደሌለበት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦታል። የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚከሰው ግን በ3 ወር ውስጥ ነው። «ሽማግሌ ይነጋገርልኝ» እያለ አራተኛው ወር የገባበት ሰው መብቱ በይርጋ ይቀራል። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን በጊዜው ይግባ።

ስለ ቡድኑ ከተጠየቀ፣ የቡድኑን ስም አታስገቡ። የእግር ጉዞ ቡድን የሠራተኛ ማኅበር አባል ሊሆን አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው ጥሩ ደንበኛ መሆን ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

የደንገጎ ልጅ

እኔ የምመልሰው ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ክርክር ገደል ላይ ሰው ይጎዳልና።

በደንገጎ ቁልቁለት ድንጋዩ ልቅ ነው። ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ፊት ለፊት ለመተያየት ይጠጋጋሉ፣ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ተረከዝ ይረግጣል፣ ከላይ የተነቀለ ጠጠርም በቀጥታ ታች ያለው ላይ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ በሰውና በሰው መካከል ቢያንስ ሦስት ሜትር ይኑር፤ ልቅ ድንጋይ ያለበትን ቦታ አንድ በአንድ ተሻገሩ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምር። መሪውና የመጨረሻው ሰው ክርክር ውስጥ አይግቡ። እነሱ ሥራቸው መቁጠር ነው፤ የሚከራከር ሰው ሲቆጥር ይሳሳታል።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ ቆሞ ማውራት የለም። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ዝናቡ ላይኛው ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ በአሸዋው ላይ ይወርዳል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን ጉዳት ድሬ የኖረ ሁሉ ያውቃል። በክረምትና በበልግ ወደ ተራራው በኩል ደመና ከታየ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ምሳውም ክርክሩም ከወንዙ ዳር ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። የወንዙ ውሃ ድንገት ከደፈረሰና እንጨትና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃ ለመሰብሰብ አትመለሱ።

ለክርክሩ ቦታ ስጡት፤ ከከለከላችሁት መንገድ ላይ ይፈነዳል። ከምሳ በኋላ 30 ደቂቃ፣ ጥላ ሥር፣ አንድ ርዕስ። ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ፣ ሰዓት የሚይዘው ደግሞ ሐሳብ የማይሰጥ ሰው ነው። የፓርቲ ስም፣ የብሔርና የሃይማኖት ጉዳይ አይነሳም። የአንድን አባል አሠሪ በስም መጥራትም ክልክል ይሁን፤ ወሬው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ደርሶ ይጠብቀዋል። ፎቶና ቪዲዮ በዚያ ሰዓት አይነሳም። ይሄን ደንብ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት አውቶቡስ ውስጥ አንብቡት።

ጁገል

ከሐረር ነኝ፤ ስለ ጋይዶቹ ልጨምር። በራሳቸው የሚሠሩት በሙያ ማኅበር ይደራጁ ከተባለ፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አንድ ማኅበር በትንሹ በአምስት መሥራቾች ሊቋቋም ይችላል። ያ ማኅበር ግን ትርፍ ለአባላት አያከፋፍልም። ገቢ ሊከፋፈሉ ከፈለጉ የሚሻለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይሄን ሳይለዩ የገቡ ሰዎች በዓመት መጨረሻ «ድርሻችን የታለ?» ብለው ይጣላሉ።

ከማኅበሩ በፊት ተራ ይኑራቸው። በጁገል በሮች ላይ ጠቡ የሚነሳው ቱሪስቱ ሲወርድ ማን ቀድሞ ያዘው በሚለው ነው። የተራ መዝገቡ ቀን፣ የጋይዱ ስም፣ የቋንቋ ችሎታ፣ የተጓዥ ቁጥር፣ የመውጫና የመመለሻ ሰዓት ያለበት አንድ ደብተር ብቻ ይሁን። ፈረንሳይኛ የሚፈልግ እንግዳ መጥቶ የተራው ባለቤት ካልቻለ የሚችለው ይውጣ፤ ተራውን ያለፈው ሰው ግን ወደ መጨረሻ አይጣል፣ ቀጣዩን ይውሰድ። ይሄ አንዲት ዓረፍተ ነገር ደንቡ ውስጥ ካልገባች ማኅበሩ ሦስት ወር አይቆይም።

ቦታም አትርሱ። ድሬ፣ ሐረሪ፣ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገናኛሉ። ወደ ባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ስትሄዱ ስካውቱን (የመጠለያውን ጠባቂ) የሚመድበው የመጠለያው አስተዳደር ነው፤ ከከተማ የመጣ ጋይድ እሱን መተካት አይችልም፤ ዝሆን በእግር መፈለግ ያለ ስካውት አይሞከርም። የድሬ ማኅበር የባቢሌን ሰው ዋጋ ልወስን ካለ ጠቡ ከአሠሪ ጋር ሳይሆን ከወንድም ጋር ይሆናል።

የከዚራ ተጓዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠርቶልኛል። ጥሩ ደንበኛ መሆን የተባለው ገንዘብ ላይ ሲመጣስ? ሾፌሩ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ማታ 1 ሰዓት ይመለሳል። ድርጅቱ ለእኛ መኪናውን በቀን ኪራይ ነው የሚሰጠን። ቢጎዳስ?

ሳቢያን

ከ11 እስከ 1 ማለት 14 ሰዓት ነው፤ መርሐ ግብራችሁ ራሱ ሕጉን ያስጥሳል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ስለዚህ ጉዞውን በጠቅላላ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አሳጥሩ ወይም ሁለተኛ ሾፌር ጠይቁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓቶች የደንገጎን ጠመዝማዛ በደከመ ሾፌር መውረድ ለእናንተም አይበጅም።

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳይ። የወር ደመወዙ 10,400 ብር ቢሆንና በወር 208 ሰዓት ብንቆጥር ሰዓቱ 50 ብር ነው። በሥራ ቀን ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ በ1.5 ተባዝቶ 75 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75 ተባዝቶ 87.50፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2 ተባዝቶ 100፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ 125 ብር። እሑድ የዕረፍት ቀኑ ሆኖ 12 ሰዓት ከሠራ 1,200 ብር ነው። ድርጅቱ በ«አበል» ስም 300 ሰጥቶ ከዘጋው 900 ብር ጎድሎበታል። ከድርጅቱ ጋር በምትፈርሙት የኪራይ ውል ላይ «የሾፌሩ የዕረፍት ቀን ክፍያ በኪራዩ ውስጥ ተካቷል፣ መጠኑም ይሄን ያህል ነው» የሚል መስመር አስገቡ። ያ ወረቀት በኋላ ለሾፌሩ ማስረጃ ይሆናል።

ጉዳት ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወሮች 75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወር 50 በመቶ ይከፈለዋል። ሕክምናውም የአሠሪው ነው። ቡድኑ ራሱ ለአንድ ቀን የሚቀጥረው ምግብ አብሳይና ዕቃ ተሸካሚ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ተብሎ ከአዋጁ ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ለእነሱ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ክፍያው፣ የሚሸከመው ክብደት፣ ቢጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ በእሱ እጅ ይቅር።

ሾፌሩን ደግሞ ዛሬውኑ ደብተር ያዝ በሉት፤ የወጣበትን፣ የተመለሰበትን ሰዓትና የመኪናውን ኪሎ ሜትር በየቀኑ ይጻፍ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። በግንቦት መጨረሻ መከፈል የነበረበት ካለ ኅዳር ሳያልቅ ይጠይቅ።