ከክፍል ውጭ ትምህርት፦ ለርዕሰ መምህሩ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

የህብረቱ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የወላጆችና የመምህራን ህብረታችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ የልጆቹ ከክፍል ውጭ የመማር ጉዳይ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀረ። ጽሑፉን የምናስገባው አርብ ነው። ረቂቁ ይኸው፦ «ተማሪዎች በሴሚስተር አንድ ጊዜ ወደ ጉለሌ የእፅዋት ማዕከል ሄደው ይማሩ። ወጪውን ወላጅ ይሸፍን።» የጎደለውን ሙሉ፣ የማይሆነውን አውጡ።

የ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህርት፦
ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን በሴሚስተር አንዴ ከሆነ ሽርሽር ነው የሚሆነው። ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ደክሟቸው ይመለሳሉ። እኔ ከራሳችን ግቢ እንጀምር ባይ ነኝ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ፣ ደብተርና እርሳስ ተይዞ።

መስከረም ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአጥሩ ሥር ከበቀለው አደይ አበባ ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ አንድ ሰጠኋቸው። «ስንት አበባ ያዛችሁ?» አልኳቸው። «አንድ!» አሉ ባንድ ድምፅ። መሐሉን በጥፍራችሁ ፈልቅቁት አልኩ። ቱቦ የሚመስሉ ጥቃቅን አበቦች መዳፋቸው ላይ ተራገፉ። እኛ አንድ የምንለው አደይ ብዙ ትንንሽ አበቦች አንድ ላይ ተሰብስበው ነው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ «ቲቸር፣ የኔ ሃያ አለፈ፣ ገና አልጨረስኩም» እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ። ይህንኑ ትምህርት ሰሌዳ ላይ ሥዬ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። አንድም ልጅ ተከትሎኝ አያውቅም።

የመንትዮቹ አባት፦
መምህርት፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ ግን እኔ አልተዋጠልኝም። እስከ 5ኛ ክፍል ዳስ ውስጥ ነው የተማርኩት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ነፋስ ሲመጣ ደብተሬን በጉልበቴ እጫነው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት። ልጆቼ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ክፍል እንዲያገኙ ነው ደፋ ቀና ያልኩት። አሁን መልሳችሁ ወደ ውጭ ስታወጧቸው ግራ ይገባኛል። ደግሞስ 58 ልጅ ሜዳ ላይ ለቆ ማን ይሰበስባል?

የ2ኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ የዐይን ክሊኒክ ነርስ፦
የመንትዮቹ አባት፣ እርስዎ የሚሉት ሌላ ነው። ያኔ ምርጫ አልነበረዎትም። አሁን ክፍሉ አለ፣ ልጆቹም ይመለሱበታል። የኔን ሙያ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በቻይና፣ በጓንግዡ ከተማ፣ በ12 ትምህርት ቤቶች የተሠራ ጥናት አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ነው የታተመው። የግማሾቹ ትምህርት ቤቶች የ1ኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የውጭ ጊዜ ተሰጣቸው። ከ3 ዓመት በኋላ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር ከነዚህ መካከል የጀመራቸው 30 ከመቶ ገደማ ናቸው። ካልተጨመረላቸው ግን 40 ከመቶ ገደማ። ደጅ ያለው ብርሃን ክፍል ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ግን እውነቱን እንነጋገር። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይህን ውጤት አያመጣም። ስለዚህ አንድ መስመር ይግባልኝ፦ ልጅ አጠፋ ተብሎ የእረፍት ሰዓቱን ክፍል ውስጥ እንዳያሳልፍ። ብዙ ቦታ የተለመደ ቅጣት ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል። ፀሐዩም ይታሰብበት። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ጠዋት ይሁን፣ ኮፍያ ይደረግ። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ካለ የግድ ጥላ ያስፈልገዋል።

የሒሳብ መምህር፦
ጠዋቱ ላይ እስማማለሁ፤ ግን ለ5 ደቂቃ እኩለ ቀን ላይ ፍቀዱልኝ። 1 ሜትር በትር ግቢው መሐል እተክላለሁ። በታኅሣሥ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሚያዝያ ሲገባ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ትቆማለች። በሰኔ ደግሞ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች ነው። ልጆቹ በየወሩ ለክተው ግራፍ ይሥሩበት። የሚያስፈልገው በትርና ሜትር ብቻ ነው። ዝናብ ከሆነ በማግስቱ ይለካል።

የ4ኛ ክፍል መምህርት፦
የ58ቱን ጥያቄ ልመልስ። አንድ ላይ አላወጣም። 29 ከኔ ጋር፣ 29 ቤተ መጻሕፍት። በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። እንግዲህ ለአንድ ልጅ በሳምንት ያልኩት በ15 ቀን አንዴ ይሆናል ማለት ነው። ይሁን፣ የማንችለውን ከምንጽፍ ይሻላል። አንድ ወላጅ ግን አጠገቤ ይቁምልኝ። ውጭ ድምፅ ይበተናል፣ ብቻዬን ጉሮሮዬ አይችልም።

የ4ኛ ለ ተማሪ እናት፦
ልጄ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ሜዳው ላይ ጎማው ይሰምጣል። ሌሎቹ ወጥተው እሱ በመስኮት የሚያይ ከሆነ ግን አልፈርምም። በቃ።

የ4ኛ ክፍል መምህርት፦
ልክ ነሽ እናቴ፣ ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ባንዲራ መስቀያው ዙሪያ ሲሚንቶ ነው፣ ከክፍሉም እስከዚያ ደረጃ የለበትም። ትምህርቱ እዚያ ይሁን። የምናጠናውን ወደዚያ እናመጣዋለን።

የመንትዮቹ አባት፦
እንዲህ ከሆነ እኔም ልመለስ። ትናንት ልጆቹን ላመጣ ስገባ ግቢውን ዞሬ አየሁት። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አስተናግር በቅሏል፣ እሾሃማ ፍሬውን አንጠልጥሎ። ዘሩን የቀመሰ ልጅ አእምሮው ይታወካል፣ ሊሞትም ይችላል። እኔ ገጠር ስላደግኩ በሩቁ አውቀዋለሁ። ማታ መንትዮቹን «አስተናግር ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ መጥቼ እነቅለዋለሁ። ግን መጀመሪያ መምህርት ከሩቅ ታሳያቸው፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ይለዩት። ሳማውን እንኳ ተዉት፣ ሳማ ራሱ ያስተምራል።

የህብረቱ ጸሐፊ፦
የተስተካከለው ይኸው፦ «ከጥር ጀምሮ በ4ኛ ክፍል እንሞክር። እያንዳንዱ ተማሪ በ15 ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ጠዋት፣ በግማሽ ክፍል እየተከፈለ በግቢው ውስጥ ይማር። አንድ ወላጅ በተራ ያግዝ። ቦታው ሁሉም ልጅ የሚደርስበት ይሁን። የእረፍት ሰዓት በቅጣት አይወሰድ። የጥላ ልኬት በየወሩ ይካሄድ።» የጉለሌው ጉዞ ለሚያዝያ ይቆይ። ወጪውን ወላጅ ይሸፍን የሚለውን አውጥቼዋለሁ፣ መክፈል ያልቻለ ልጅ ቤት ሊቀር ነውና። ገንዘቡን ህብረቱ ይፈልግ።

የ4ኛ ለ ተማሪ እናት፦
እፈርማለሁ። የመጀመሪያውን ተራ ለኔ ያዙልኝ።

የመንትዮቹ አባት፦
እኔም። መምህርት ዐርብ ታሳያቸው፣ እኔ ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ነኝ። አስተናግሩ በባዶ እጅ አይነካም፣ ጓንት ያለው ይዞልኝ ይምጣ።