«ዕድል አይሰላም» ላሉን

ቁጥር ወዳጅ፦ ትናንት መምህር የብላክጃክን የሁለት ካርታ ድምር ስሌት እዚህ ለጥፈው ነበር። ብላክጃክ ከ21 ሳያልፉ ከአዳዩ፣ ማለትም ለቁማር ቤቱ ሆኖ ካርታ ከሚያድለው፣ የሚበልጥ ድምር የሚፈለግበት ጨዋታ ነው። ለ11ኛ ክፍል ልጆች ፕሮባቢሊቲ የሚያስተምሩበት ነው። ከሥሩ ታዛቢ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዕድል አይሰላም። ይህን ለልጆች ማሳየት ቁማር ማስተማር ነው።» ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ሁለተኛው ያከራክራል፣ እሺ። የመጀመሪያውን ግን እንዴት ዝም ብለን እናልፋለን? ካርታው 52 ነው። ከ52 ውስጥ ሁለት ማውጫው መንገድ 1,326 ነው። 1 ወይም 11 የሚቆጠረው ኤስ 4፣ አስር የሚቆጠሩት (10፣ J፣ Q፣ K) ደግሞ 16 ናቸው። ኤስና አስር ሲጣመሩ 21 ነው፣ ጥንዱም ራሱ ብላክጃክ ይባላል። 4 በ16 ሲባዛ 64። 64 ለ1,326 ሲካፈል 4.8 በመቶ። በሁለት ካርታ ብላክጃክ የማግኘት ዕድል ይኸው ነው። ተሰላ!

ታዛቢ፦ ስሜን ስላነሳህ ልመልስ። ማባዛት አይቻልም መቼ አልኩ? ያልኩት ዕድል አይሰላም ነው። አንተ የቆጠርከው ካርታውን ነው። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ቀጥሎ ምን እንደሚወጣለት ታውቃለህ? አታውቅም። ታዲያ ምኑን አሰላኸው?

የሂሳብ መምህር፦ የሚወጣውን ካርታ አውቃለሁ ያለ ሰው የለም። ፕሮባቢሊቲ ትንቢት አይደለም። ያጣላን ቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ የሰው ዕጣ ፈንታም ዕድል ነው፣ 64 ለ1,326 ም ዕድል ነው። እርስዎ ስለ አንዱ ያወራሉ፣ ቁጥር ወዳጅ ስለ ሌላው።

ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «በሁለት ካርታ የትኛው ድምር ይበዛል?» አብዛኞቹ 12 ወይም 13 ይላሉ። መሃል አካባቢ ስለሆነ ነው። መልሱ 20 ነው። አስር የሚቆጠሩት 16 ካርታዎች እርስ በርሳቸው 120 ጥንድ ይሠራሉ። ይህ ብቻውን 9 በመቶ ነው። አንድ ልጅ ይህን በእጁ ቆጥሮ ሲደርስበት ፊቱን ብታዩት!

ጠያቂዋ፦ መምህር ይቅርታ፣ ኤስና 9ስ? እሱም እኮ 20 ነው። 4 በ4፣ 16 ጥንድ ይጨመራል። ስለዚህ 136 ይሆናል። 10.3 በመቶ ገደማ።

የሂሳብ መምህር፦ ልክ ነሽ እህቴ። 136 ነው። ዘልዬዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ታዛቢ፦ ይኸው! መምህሩ ራሳቸው ተሳሳቱ። ልጆቹን ምን ልትሏቸው ነው?

ቁጥር ወዳጅ፦ ተሳሳቱ፣ ወዲያው ታረሙ። የታረሙት ስሌት ስለሆነ ነው። «ዕድል አይሰላም» ያልከው እውነት ቢሆን ኖሮ እህታችን በምን ታርማቸው ነበር?

የድሮ ተጫዋች፦ ቁጥር ወዳጅ፣ አንተም 4.8 ያልከውን አስተካክል። እሱ የአንድ ጥቅል፣ የ52 ካርታ ነው። እኔ የተጫወትኩባቸው ቦታዎች 6 ጥቅል ደባልቀው ነው የሚያድሉት። ያኔ 4.75 ነው።

ቁጥር ወዳጅ፦ ጋሼ፣ የምነጋገረው መምህር ስለለጠፉት ስለ አንድ ጥቅል ነው። 4.8 ትክክል ነው።

የድሮ ተጫዋች፦ ትክክል ነው፣ ግን ጠረጴዛው ላይ የለም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። በአንድ ጥቅል ኤስ ከወጣ በኋላ የቀረው 51 ነው፣ አስሮቹ ግን ያው 16። 31.4 በመቶ። በ6 ጥቅል ከ311 ውስጥ 96። 30.9 በመቶ። የወጣ ካርታ የቀረውን ይለውጠዋል። ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ይህን ዘልለህ 4.8 ብለህ ትደመድማለህ።

ቁጥር ወዳጅ፦ አልደመደምኩም ጋሼ! የ52ቱን አሰላሁ። የ312ቱን ማን ጠየቀኝ?

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ወደ ነገሩ ተመለሱ። ታዛቢ ያነሳው ሁለተኛ ነጥብ መልስ አላገኘም። ስሌቱን ያወቀ ልጅ ወደ ቁማር ይሄዳል ወይስ ይርቃል?

ታዛቢ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። አዳዩ ከካርታዎቹ አንዱን ገልጦ 6 ሲከፍት ከ21 አልፎ የሚቃጠልበት ዕድል 42 በመቶ አካባቢ ነው ብላችሁ ለልጅ ነገራችሁት እንበል። ልጁ ምን ይሰማዋል? ሌላው የማያውቀውን እንዳወቀ ይሰማዋል። ይህ ነው አደጋው። ምንም የማያውቅ ሰው ፈርቶ ይነሳል። ትንሽ ያወቀ ሰው ግን አይነሳም።

የድሮ ተጫዋች፦ ይህን የማያውቅ ሰው ፈርቶ ይነሳል ያለህ ማን ነው? እኔ ምንም ሳላውቅ ዓመታት ተቀምጫለሁ። አልተነሳሁም።

16 ይዤ አዳዩ 10 የከፈተበትን ሁኔታ ውሰድ። በየምሽቱ ይገጥመኝ ነበር። ከቆምኩ፣ ማለትም ካርታ ካልጨመርኩ፣ የማሸንፈው አዳዩ ከተቃጠለ ብቻ ነው። ብላክጃክ ካልያዘ እሱ የሚቃጠልበት ዕድል 23 በመቶ ነው። ካርታ ከጨመርኩ ደግሞ ከ13 ዓይነት 8ቱ ያቃጥሉኛል፣ 62 በመቶ ገደማ። ብቆምም ብጨምርም በአማካይ ካስያዝኩት 100 ውስጥ 54 ያህሉ ይሄዳል። እኔ ግን ጨምሬ ስሸነፍ «መቆም ነበረብኝ»፣ ቆሜ ስሸነፍ «መጨመር ነበረብኝ» እያልኩ አድር ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስላመንኩ በማግስቱ ላስተካክለው እመለሳለሁ። እጁ ከመጀመሪያው የሞተ መሆኑን የነገረኝ የለም።

የሂሳብ መምህር፦ ጋሼ ያሉትን በቁጥር ልደግፍ። ኤስ እንደ 11 የተቆጠረበትን ትተን፣ በሁለት ካርታ ከ12 እስከ 16 የሚደርሱት 514 ጥንዶች ናቸው። ከ1,326 ውስጥ 39 በመቶ ማለት ነው። ከ10 እጅ ወደ 4 የሚጠጋው ብትቆምም ብትጨምርም የማያስደስት ነው። ልጆቹ ድምሮቹን አንድ በአንድ ቆጥረው እዚህ ሲደርሱ ክፍሉ ዝም ይላል።

ታዛቢ፦ ዝም ማለታቸው መራቃቸው ነው? መቼ መቆም፣ መቼ መጨመር እንደሚሻል የሚያሳየው ስሌት ከታተመ እኮ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 አራት አሜሪካውያን በጠረጴዛ ካልኩሌተር ሠርተው አወጡት። በ1962 የሂሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕ የወጡትን ካርታዎች በመቁጠር ቤቱን ማሸነፍ እንደሚቻል ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሰው ካዚኖ መግባት ተወ? ጭራሽ ሁሉም «እኔም ቶርፕ ነኝ» ብሎ ገባ።

ቁጥር ወዳጅ፦ አሁን ራስህ ተናገርከው! 1956 «ሠርተው አወጡት» አልክ። ምኑን ሠሩት? ዕድሉን! ታዲያ «አይሰላም» የሚለውን አንሳልን።

ታዛቢ፦ አላነሳም። የቆጠሩት ካርታ ነው ብዬሃለሁ።

ጠያቂዋ፦ እኔ ስሌቱን ደግፌ አንድ ነገር ላሳይ። ለብላክጃክ 3 ለ2 ሲከፈል 10 ያስያዘ 15 ያገኛል። 6 ለ5 ሲሆን 12 ብቻ። ሰው «3 ብትቀር ምን አለበት» ይላል። አሁን ጋሼ ያሉትን 4.75 እንያዝ። በ100 እጅ ውስጥ ወደ 5 የሚጠጋ ብላክጃክ ይመጣል። 4.75 በ3 ሲባዛ 14 ነው። አዳዩም ብላክጃክ ይዞ እኩል የሚወጣበትን ብንቀንስ ትንሽ ዝቅ ይላል። በየእጁ 10፣ በ100 እጅ 1,000 አስይዞ 14 ያህሉ ጠረጴዛው ላይ በተጻፈች አንዲት መስመር ብቻ ሄደ። ስሌቱን የማያውቅ ሰው ይህችን መስመር አንብቦ ያልፋታል።

የድሮ ተጫዋች፦ አይ ልጄ! እኔ አንብቤ ካለፍኩት አንዱ ነኝ። የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ በትልቁ ተጽፎ ክርኔን ደግፌበት ነበር የምጫወተው።

የሂሳብ መምህር፦ አንድ ነገር ልጨምር። አዳዩ እስከ 17 እየጨመረ ሲጫወት የሚቃጠልበት ዕድል 28 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ተጫዋች በዚያው ደንብ ቢጫወት እሱም 28 በመቶ ይቃጠላል። ሁለቱም የሚቃጠሉበት 28 በ28፣ 8 በመቶ ገደማ። በዚያ 8 በመቶ ማን ያሸንፋል? ቤቱ። ተጫዋቹ ቀድሞ ስለተቃጠለ ገንዘቡ አስቀድሞ ተሰብስቧል። ለብላክጃክ የሚጨመረው ክፍያ ይህን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ልጆቹ ቤቱ ለምን እንደሚመራ ከዚህ ሌላ በምን ይገባቸዋል?

ታዛቢ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለምን እንዲህ እንደተናደድኩ ልንገርዎት። ልጄ የእርስዎ ተማሪ ነው። ትናንት ማታ ደብተሩን አየሁት። ሙሉ ገጽ ጥንድ ጥንድ ተደርድሯል። ልፈትነው ብዬ «16 ቢደርስህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «አልጫወትም» ይለኛል ብዬ ነበር። ቀና ሳይል «አዳዩ ምን ከፍቷል?» አለኝ። ይህ ነው ያስደነገጠኝ።

ቁጥር ወዳጅ፦ ትክክለኛውን ጥያቄ ነዋ የጠየቀህ!

ታዛቢ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

የድሮ ተጫዋች፦ እና ምን መለስክለት? 10 ነው አልከው?