ፕሮፌሰር መስፍንን ግማሹን ተቀብዬ ግማሹን ሳልቀበል እንዴት ልስማቸው?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የድሮ ቃለ ምልልሶች እየሰማሁ ነው። ስለ ረሃብና ስለ ሰብአዊ መብት ሲናገሩ ልቤ ይቀበላቸዋል። አማራ የሚባል ጎሳ የለም የሚለው ክርክራቸው ላይ ስደርስ ግን ደሜ ይፈላል። አንዱ ጓደኛዬ «ከዚህ በኋላ ምን ትሰማቸዋለህ?» ይለኛል። ሌላው «ጋሽ መስፍንን ለመተቸት አንተ ማነህ?» ይላል። እናንተስ እንዴት ነው የምትሰሟቸው?

መልስ (የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ)

ወንድሜ፣ የማስተምረው የእሳቸውን ሙያ ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከተኛል። በጅምላ አልቀበላቸውም፣ በጅምላም አልጥላቸውም። በየነጥቡ «ይህን የሚሉት ከምን ተነስተው ነው?» እላለሁ።

ረሃብን በደንብ አጥንተውታል። ድርቅ ብቻውን ሰው አይፈጅም፣ ገበሬውን አስቀድሞ አቅም ያሳጣው ሥርዓቱ ነው ይላሉ። ይህን ከሌላ ሰው ጋር ማመሳከር ይቻላል። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን የወሎን ረሃብ በራሱ መንገድ መርምሯል። እዚህ ሰው እያለቀ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። ገበሬው መግዣ አልነበረውማ! የአዲስ አበባና የአስመራ መንገድ በከተማችን ነው የሚያልፈው። ተማሪዎቼ በየቀኑ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ሄደው ከተቀራረቡ እኔም አምናለሁ።

የማንነቱ ክርክር ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሚነሱት ከታሪክ ነው። አያቶቻችን ጎንደሬ፣ መንዜ፣ ጎጃሜ ይባባሉ ነበር ከተባለ እውነት ነው። ከ1983 ወዲህ ግን ሰው በዚህ ስም ተፈናቅሏል፣ ተገድሏል። መታወቂያው ላይ ተጽፎበታል። የትናንት ማስረጃ ይዞ የዛሬውን ሰው «የለህም» ማለት አይቻልም። እኔ ከእሳቸው የምለየው እዚህ ላይ ነው። በረሃቡ ላይ ገበሬው የሚኖረውን ኑሮ ያዩ ሰው እዚህ ላይ ለምን እንዳላዩት ሁሌም ይቆጨኛል።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

«አንተ ማነህ?» ለሚልህ ጓደኛህ ይህን ንገረው። ጋሽ መስፍን ራሳቸው «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» በሚለው መጽሐፋቸው ላይ አንጋፋ የታሪክ ምሁራንን በስም እየጠሩ ሞግተዋል። ሰብአዊ መብት ጉባኤን መሥርተዋል፣ ከምርጫ 97 በኋላም በ75 ዓመታቸው ታስረዋል። ይህ ሁሉ ያስከብራቸዋል። የተናገሩትን ሁሉ ትክክል ግን አያደርገውም።

መልስ (ከዋሽንግተን)

ወንድሜ፣ ቲክቶክ ላይ በሙዚቃ የታጀበችውን የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ሰምተህ እንዳትፈርድ። በሽግግሩ መጀመሪያ በቴሌቪዥን ከአቶ መለስ ጋር በዚሁ በአማራ ጉዳይ የተከራከሩትን ከጥያቄው ጀምረህ ስማው። እኔ ሙሉውን ስሰማው አሁንም አልተስማማሁም፣ የምቃወመውን ግን ለይቼ አወቅሁ። ጥራት ያለው ቅጂ ያላችሁ እባካችሁ እዚህ ለጥፉልን።